ከቪተንበርግ እስከ ፍራንክፈርት፦ በአባ ጎርጎርዮስ ዱካ ሰባት ቀን

ደሴ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ሳስተምር ሃያ ስድስት ዓመት አልፎኛል። የሰዋስው ትምህርት በምጀምርበት ቀን፣ የመጀመሪያው የታተመ የአማርኛ ሰዋስው በ1698 ፍራንክፈርት ላይ እንደ ወጣ ሁልጊዜ ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ። ከተማሪዎቼ አንዱ እጁን አውጥቶ «ለምን ጀርመን አገር?» ሳይለኝ የቀረበት ዓመት የለም። እኔም ያነበብኩትን እነግራቸዋለሁ፤ ሰዋስውን ያዘጋጀው ሂዮብ ሉዶልፍ የተባለ የኤርፉርት ሊቅ በ1649 ሮም ላይ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር እንደ ተገናኘ፣ አባ ጎርጎርዮስም በጥንቱ የአምሐራ ግዛት፣ ዛሬ ደቡብ ወሎ በምንለው አገር፣ ከመካነ ሥላሴ የወጡ አባት እንደ ነበሩ። ይሁን እንጂ ቦታዎቹን በዓይኔ ሳላይ ስለምናገር መልሴ ለራሴም ጎዶሎ ይሆንብኝ ነበር። ፍራንክፈርት የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ግብዣ በላከችልኝ ጊዜ፣ ሉዶልፍ የተወለደበት አራት መቶኛ ዓመት በዚያው ሰኔ እንደሚውል አስተዋልኩና መንገዴን በእርሱና በአባ ጎርጎርዮስ ዙሪያ አቀናሁ። የታሪኩን ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የጉዞዬን ቀኖች ግን በእኛው አቆጣጠር አስፍሬአለሁ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 11 ቀን 2016 ዓ.ም. — ከፍራንክፈርት ወደ ቪተንበርግ

ሌሊቱን በርሬ ጠዋት ፍራንክፈርት ስደርስ የአክስቴ ልጅ ከሆስፒታል የሌሊት ተረኛነቷ በቀጥታ መጥታ ተቀበለችኝ። አስቀድማ በስሜ የገዛችልኝ ወርኃዊ ትኬት በዚያን ጊዜ 49 ዩሮ ነበር፤ በመላው ጀርመን በአካባቢ ባቡሮች፣ በአውቶቡሶችና በከተማ ባቡሮች ሁሉ ያገለግላል፤ ፈጣኖቹን ባቡሮች ግን አያካትትም። በወቅቱ በባንክ ምንዛሬ አንድ ዩሮ 61 ብር ገደማ ስለ ነበር ትኬቱ ወደ ሦስት ሺህ ብር ይመጣል። ከተመለስኩ ከአንድ ወር በኋላ፣ ሐምሌ 22፣ የውጭ ምንዛሬ ለገበያ ሲለቀቅ ይህ ሒሳቤ ሁሉ ተለወጠ፤ ጉዞዬን ጥቂት ሳምንታት ዘግይቼ ቢሆን ኖሮ ባላደረግሁትም ነበር።

ለዚያ ቀን ብቻ የፈጣን ባቡር ትኬት ተገዝቶልኝ ማታ ቪተንበርግ ገባሁ። ሰኔ ውስጥ እዚያ አገር ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩልም ብርሃን ነው፤ የራት ሰዓት እንዳለፈ ያወቅሁት የምግብ ቤቶቹ ወንበሮች ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠው ሳይ ነው። የአክስቴ ልጅ በያዘችልኝ ዳቦ ቆሎ አድሬአለሁ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 12 — ቪተንበርግ

ዕለቱ የሰኔ ሚካኤል ነበር፤ ቀኑን ሆን ብዬ መርጬዋለሁ። ከአባ ጎርጎርዮስ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ፣ በ1534፣ ሚካኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን እዚህ ከተማ መጥቶ ከፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪዎች ከማርቲን ሉተርና ከፊሊፕ ሜላንክቶን ጋር ስለ እምነት ተነጋግሮ ነበር። ሉተር በዚያው ዓመት ጁላይ 4 ቀን በጻፈለት የድጋፍ ደብዳቤ፣ የምሥራቁ ቤተ ክርስቲያን አንዳንድ ሥርዓት ቢለይም ልዩነቱ የቤተ ክርስቲያንን አንድነት አያፈርስም የሚል አሳብ አስፍሯል። በልጅነቴ አውሮፓውያን እኛን «አገኙን» የሚል ታሪክ ነበር የተማርኩት፤ ይህ ዲያቆን ግን በራሱ እግር መጥቶ ጠይቆ፣ ተከራክሮ፣ ተደምጦ ሄዷል።

ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ከዳር እስከ ዳር በእግር ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ በመንገዶቿም ጠርዝ በድንጋይ ቦይ ውኃ ይወርዳል። የቤተ መንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ግንብ 88 ሜትር ከፍ ብሎ ከሩቅ ይታያል። ሉተር በ1517 የካቶሊክን ቤተ ክርስቲያን አሠራር የተቃወመባቸውን 95 አንቀጾች ለጥፎበታል የሚባለው የእንጨት በር በ1760 በጦርነት ተቃጥሎ፣ ዛሬ ያለው አንቀጾቹ የተቀረጹበት በ1858 የተሠራ የነሐስ በር ነው። ውስጥ የሉተር መቃብር ከሰባኪው አትሮንስ ሥር ዝቅ ብሎ ይገኛል። ከበላዩ ያለው ድንጋይ እጅግ ትንሽ በመሆኑ ሁለት ጊዜ አልፌው ከሄድኩ በኋላ ነው ያስተዋልኩት።

ሉተር ይሰብክበት በነበረው በሌላው ቤተ ክርስቲያን የክራናክ ቤት ሠዓልያን የሠሩት የመንበር ሥዕል አለ። እኔን ግን ያቆመኝ ከውጭ ግድግዳው ላይ ያለ በ13ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ግድም የተቀረጸ አይሁድን የሚያዋርድ ምስል ነው። ከሥሩ በ1988 የመታሰቢያ ነሐስ መሬት ላይ ተተክሏል። ምስሉ ይነሣ የሚሉና ለትምህርት ይቆይ የሚሉ ወገኖች ፍርድ ቤት ድረስ ተካሰውበታል። አጠገቤ የነበሩ አንድ ጀርመናዊ አዛውንት ለልጅ ልጃቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያስረዱት አየሁ፤ ልጁ ቀና ብሎ አይቶ ወዲያው አቀረቀረ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 13 — ቫይማር

በሃለ በኩል ባቡር ለውጬ ረፋዱ ላይ ቫይማር ገባሁ። ታላቁ የጀርመን ባለቅኔ ጎተ ከ1775 እስከ ሞተበት እስከ 1832 የኖረባት ከተማ ናት፤ እርሱና ሌላው ባለቅኔ ሺለር ጎን ለጎን የቆሙበት ሐውልት ፊት የትምህርት ቤት ልጆች ፎቶ ይነሣሉ። ቤቶቿ ቢጫና ነጭ፣ መናፈሻዋ አረንጓዴ፣ ሁሉ ነገሯ ጸጥ ያለ ነው። ገበያው ላይ አንድ ሳህን የምስር ሾርባ በ6 ዩሮ በላሁ።

ከሰዓት በኋላ በከተማው አውቶቡስ ቡኸንቫልድ ወዳለበት ወደ ኤተርስበርግ ተራራ ወጣሁ። ይህን ያህል ያማረ ከተማ ከዚያ ቦታ የሚለየው ስምንት ኪሎ ሜትር ብቻ መሆኑን በካርታ አይቼ ነበር፤ በአውቶቡስ ሲሆን ግን ለመዘጋጀት እንኳ የማይበቃ ጥቂት ደቂቃ ነው። ቡኸንቫልድ ከ1937 እስከ 1945 ወደ 280,000 ሰዎች የታሰሩበት፣ ከእነርሱም ከ56,000 በላይ ያለቁበት የናዚ ማጎሪያ ነው። የብረቱ በር ላይ «ለእያንዳንዱ የራሱ» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ፊደላቱ የተገጠሙት ከውስጥ ሆኖ እንዲነበብ ነው፤ እስረኞቹ በየቀኑ ሲሰለፉ ፊት ለፊታቸው እንዲያዩት። ከበሩ በላይ ያለው ሰዓት ሦስት ሰዓት ከሩብ (በእኛ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ) ላይ እንደ ቆመ ነው፤ ኤፕሪል 11 ቀን 1945 እስረኞቹ ከሰዓት በኋላ ነፃ የወጡበትን ጊዜ ያሳያል። በግቢው መካከል «የጎተ ዛፍ» ይባል የነበረው የወርካ ያህል የገዘፈ ዛፍ ጉቶ ቀርቷል። መግቢያው ያለ ክፍያ ነው። ከዚያ ስመለስ አውቶቡሱ ሙሉ ቢሆንም የሚነጋገር ሰው አልነበረም።

ዓርብ፣ ሰኔ 14 — ኤርፉርት

ኤርፉርት ያረፍኩት የሰባ አምስት ዓመት እናት በሚያስተዳድሩት ፔንሲዮን ሲሆን ቁርስን ጨምሮ ለአንድ ሌሊት 65 ዩሮ ከፍያለሁ። ቁርስ ላይ ከየት እንደ መጣሁ ጠይቀውኝ «ኢትዮጵያ» ስላቸው ወደ ቡናው ማንቆርቆሪያ ጠቆሙና አንድ ነገር አጫወቱኝ። በ1977፣ አገራቸው ገና ምሥራቅ ጀርመን ሳለች፣ የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ሰማይ ስለ ነካ መንግሥት ቡናውን ከሌላ እህል ጋር ደባልቆ መሸጥ ጀመረ፤ ሕዝቡም አማርሮ ጣለው። ያንን ችግር ለማቃለል ነው ምሥራቅ ጀርመን ለደርግ መሣሪያና የጭነት መኪና እየሰጠች የእኛን ቡና የወሰደችው። እርሳቸው የሚያስታውሱት እውነተኛ ቡና እንደገና ቤታቸው የገባበትን ቀን ነው። እኔ ደግሞ ኢፋ የምንላቸውን የምሥራቅ ጀርመን የጭነት መኪናዎች አስታወስኩ። በእኛ አቆጣጠር በ77ቱ ድርቅ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ እህል የጫኑት ኢፋዎች በደሴ አልፈው ወደ ሰሜን ሲወጡ የሞተራቸውን ድምፅ ከሩቅ እንለየው ነበር፤ ወታደር ጭነው የሚወጡትም እነዚያው ነበሩ። «ኢፋ» የሚለውን ስም ስጠራ እናቲቱ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ከዚያ ቡና ደግመው ቀዱልኝ።

ከተማዋ በጦርነቱ ብዙም ስላልፈረሰች ጥንታዊነቷ አልተነካም። ሀብቷ የመጣው ሰማያዊ ቀለም ከሚወጣው ዋይድ ከተባለ ተክል ነው፤ በእርሱ ንግድ ከበለጸጉ በኋላ ዩኒቨርሲቲም አቋቁመዋል። በ1325 በድንጋይ የተሠራው የነጋዴዎች ድልድይ 32 ቤቶች ተሸክሞ ዛሬም ሰው ይኖርበታል፤ በመካከሉ ስሄድ ወንዝ ላይ መሆኔን ያወቅሁት በጎን ወርጄ ከሥር ሳየው ነው። ካቴድራሉና የሰቬሩስ ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ኮረብታ ላይ ቆመው በ70 ደረጃዎች ይወጣባቸዋል። በ1497 የተሠራው ግሎሪዮሳ የተባለው ደወል ክብደቱ ከ11 ቶን በላይ ነው፤ ድምፁን ግን የመስማት ዕድል አልገጠመኝም። አሮጌው ምኩራብ ከ11ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የቆመ ግድግዳ አለው፤ በ1349 በከተማው አይሁድ ላይ ከተፈጸመው ጭፍጨፋ በፊት የተቀበረ የወርቅና የብር ሀብት በ1998 ተገኝቶ እዚያው ይታያል። ከሁሉ የምትበልጠው የቤት ቅርጽ ጉልላት ያላት አንዲት የሠርግ ቀለበት ናት።

ሉዶልፍ በ1624 የተወለደው እዚህ ነው። ገና ወጣት ሳለ ግዕዝ የሚያስተምረው ሰው በሌለበት ከተማ፣ እጁ በገቡ ጥቂት የታተሙ ገጾች ፊደላችንን ለብቻው መልመድ ጀመረ። በጠባቦቹ መንገዶች ስዞር ይህን አሰብኩ፤ እኔ አባቴ የቆጠረልኝን ፊደል እርሱ ያለ አስቆጣሪ ተጋፍጦታል።

ለራት በአካባቢው የታወቀውን የድንች ድቡልቡል ከበሬ ሥጋ ጥቅልና ከቀይ ጎመን ጋር ለማዘዝ አስቤ ነበር፤ እናቲቱ ግን ጥቅሉ ውስጥ የአሳማ ስብ እንደሚገባ ጠዋት ስላስጠነቀቁኝ ድንቹን በእንጉዳይ ወጥ በ13 ዩሮ በላሁ። ድቡልቡሉ ጥፍጥ ያለና የሚያጠግብ ነው፤ ከእኛ ምግብ የሚመስለው ባጣም በእጄ ቆርሼ መረቁን ማጥቀስ አምሮኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 15 — በስሕተት አርንሽታት፣ ከዚያም ጎታ

ከኤርፉርት ጎታ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። እኔ ግን በአንድ መስመር ላይ ፊትና ኋላ ከቆሙት ሁለት ባቡሮች የተሳሳተውን ተሳፈርኩና ከመገንጠያው በኋላ ወደ ደቡብ ታጠፍኩ። ሲገባኝ የወረድኩት አርንሽታት ነው። የሚመለሰው ባቡር እስኪደርስ አንድ ሰዓት ስለ ነበረኝ ወደ ገበያው ወጣሁ፤ የሙዚቃ ሊቁ ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ በአሥራ ስምንት ዓመቱ፣ በ1703፣ ኦርጋን ደርዳሪ ሆኖ የተቀጠረው እዚሁ ነው። በ1705 የአራት ሳምንት ፈቃድ ወስዶ የዝነኛውን ኦርጋን ደርዳሪ የቡክስተሁደን ኦርጋን ለመስማት ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ እስከምትገኘው ሉቤክ ሄደ፤ ለአራት ወራት ያህልም ሳይመለስ ቆየ። መምህር ፍለጋ ከደብር ደብር ለሚዞር የቆሎ ተማሪ አገር ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የቱሪንግያ ቋሊማ ስሙ በጽሑፍ መጀመሪያ የተገኘውም በ1404 በዚህች ከተማ ነው፤ ከሰል ላይ ሲጠበስ ሽታው ገበያውን ሞልቶታል። የአሳማ ሥጋ ስለ ሆነ እኔ ዳቦና አይብ ገዝቼ ተመለስኩ።

ጎታ ከጣቢያው ወደ ቤተ መንግሥቱ የሚያመራው መንገድ ቀስ እያለ ይወጣል። ፍሪደንሽታይን፣ ማለትም «የሰላም ድንጋይ»፣ መሠረቱ የተጣለው በ1643 የሠላሳው ዓመት ጦርነት ገና ሳያበቃ ነው። ያሠራው መስፍን ኤርንስት የሀገሩ ልጆች ሁሉ፣ ወንዱም ሴቱም፣ እንዲማሩ በ1642 ደንብ ያወጣ ሰው ነበር። በበሩ ላይ ሁለት ሴቶች ሲሳሳሙ ተቀርጸዋል፤ ሰላምና ፍትሕ ናቸው። ቆሜ ሳያቸው የዳዊት መዝሙር ትዝ አለኝ፦ «ሣህል ወርትዕ ተራከባ፤ ጽድቅ ወሰላም ተሳዐማ»። ግዕዙ «ተሳሳሙ» ያለውን የአማርኛው ትርጉም «ተስማሙ» ብሎታል፤ ሁለቱ ቃላት በአማርኛችን ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ለተማሪዎቼ ስነግር የኖርኩትን በድንጋይ ተቀርጾ አገኘሁት። ከሥሩ ያለው የጀርመንኛ ጽሑፍ ሰላም ያበላል፣ ጠብ ይበላል ማለት ነው። ጦርነት ካደቀቀው አገር ተነሥቶ ለመጣ የወሎ ሰው ይህን ለማንበብ ትርጉም አያሻውም፤ ረጅም ጊዜ ቆሜአለሁ።

አባ ጎርጎርዮስ በመስፍኑ ግብዣ እዚህ የመጡት በ1652 ክረምት፣ ሕንፃው ሳይጠናቀቅ ነው። በዚያው ዘመን ጎንደር ላይ አፄ ፋሲል ግንባቸውን አንጸው ይገዙ ነበር፤ አባ ጎርጎርዮስ ከካቶሊክ ሚስዮናውያኑ ከዬሱሳውያን ጋር በነበራቸው ግንኙነት ከአገር የወጡት በእርሳቸው ዘመን ነው። እዚህ ግን መስፍኑና ሊቃውንቱ ስለ አገሩ፣ ስለ እምነቱ፣ ስለ እህሉና ስለ ዛፉ ሲጠይቋቸው ከረሙ፤ ሉዶልፍ በግዕዝ ያነጋግራቸውና ለሌሎች ይተረጉም ነበር፤ የሚናገሩትንም ይጽፍ ነበር። በ1681 ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ካለው እውቀት ትልቁ ድርሻ ከእርሳቸው አንደበት የተቀዳ ነው። ሉዶልፍ ውለታውን አልሸሸገም፤ በ1691 ባወጣው ማብራሪያ ላይ ምስላቸውን አስቀርጾ አትሞታል። በእኔ አስተያየት ግን ዛሬ የአማርኛን ሰዋስው ታሪክ ስንናገር የአንዱን ስም አጉልተን የሌላውን እንደ መረጃ ሰጪ ብቻ ማሳለፋችን ትክክል አይደለም። ለእያንዳንዱ ቃል ይህ እንዲህ ይባላል፣ ያ አይባልም ብሎ የሚፈርድ መምህር ነው፤ አባ ጎርጎርዮስም መምህር ነበሩ።

የቤተ መንግሥቱ ከፊል ለእድሳት ተሸፍኖ ነበር። በ17ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የተሠራው የቴአትር መድረክ፣ በገመድና በእንጨት መዘውር ትዕይንቱን በቅጽበት የሚቀይረው፣ እጅግ ያስደንቃል። አንዲት አስጎብኚ የመጣሁበትን ምክንያት ስነግራቸው የአባ ጎርጎርዮስን ስም ወዲያው አወቁት። ወደ አንድ መስኮት ወስደው ከተማውንና ማዶ ያለውን ደን አሳዩኝና «ከእነዚህ መስኮቶች በአንዱ አይተውት ይሆናል» አሉኝ። ማዶው ጥቁር አረንጓዴ፣ ሜዳው ጠፍጣፋ ነው። የአምሐራን ገደልና አምባ ለለመደ ዓይን ይህ ሜዳ ምን ያህል ባዶ መስሎ ታይቶት ይሆን አልኩ።

እሑድ፣ ሰኔ 16 — አይዜናህ

በእኛ አቆጣጠር ጰራቅሊጦስ ነው። አይዜናህ ስደርስ ሱቅ ሁሉ ተዘግቷል፤ በጀርመን እሑድ ከዳቦ ቤትና ከምግብ ቤት በቀር አብዛኛው ሱቅ እንደማይከፈት ተነግሮኝ ዘንግቼዋለሁ። ጣቢያው ውስጥ በ4 ዩሮ አይብ ያለበት ዳቦ ገዛሁ። የውኃው ጠርሙስ 25 ሳንቲም መያዣ ስላለው ባዶውን ሲመልሱ ገንዘቡ ይመለሳል፤ ደሴ ሆኖ ቢሆን ቆራሌው ራሱ ሰፈራችን ድረስ እየጮኸ መጥቶ ይወስደው ነበር።

ወደ ቫርትቡርግ ምሽግ የሚወስደው የደን መንገድ አርባ ደቂቃ ያህል ዳገት ነው። የደሴውን የጦሳ ተራራ ለሚወጣ ሰው ቀላል ነው ብዬ ብጀምረውም በለበስኩት የከተማ ጫማ አንሸራቶኝ ጉልበቴን ቧጨረኝ። ሉተር ከሜይ 1521 ጀምሮ ስሙን ለውጦ እዚህ ተደብቆ ሳለ አዲስ ኪዳንን በአሥራ አንድ ሳምንት ገደማ ወደ ጀርመንኛ መለሰው። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ምድጃ፣ እግር ማሳረፊያ የነበረ የዓሣ ነባሪ አጥንት። መጽሐፉ በ1522 ታተመ። የእኛ የግዕዝ አዲስ ኪዳን በአባ ተስፋ ጽዮን ጥረት ሮም ላይ የታተመው ከ26 ዓመት በኋላ ነው፤ የወጣበትም የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ሉዶልፍ አባ ጎርጎርዮስን ያገኘበት ያው ቤት ነው።

ማታ ወደ ፍራንክፈርት የሚሄደው ባቡር በቀይና በነጭ መለያ በለበሱ ሰዎች ተጨናንቆ ነበር፤ ጀርመንና ስዊዘርላንድ በአውሮፓ ዋንጫ የሚጋጠሙበት ምሽት ነው። ቁሜ ሄድኩ። አንድ ወጣት የተቧጨረውን ጉልበቴን አይቶ ቦታውን ለቀቀልኝ።

ሰኞ፣ ሰኔ 17 — ፍራንክፈርት

የሐዋርያት ጾም የተያዘበት ቀን ነው። የአክስቴ ልጅ ሽሮ ሠርታ፣ እንጀራውን ከጣቢያው አካባቢ ካለ የሐበሻ ሱቅ አምጥታ ጠበቀችኝ፤ አምስቱ እንጀራ 8 ዩሮ ነው።

ከሰዓት በፊት በማይን ወንዝ ዳር ብቻዬን ሄድኩ። ሉዶልፍ ወደዚህ ከተማ የመጣው በ1678፣ የሞተውም በ1704 ነው። የአማርኛውን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1698 ሲያሳትም ሰባ አራት ዓመቱ ነበር። አባ ጎርጎርዮስ አላዩትም። በ1658 ዛሬ ቱርክ ውስጥ ባለችው የወደብ ከተማ በአሌክሳንድሬታ አጠገብ መርከባቸው ተሰብሮ ከሞቱ አርባ ዓመት አልፎ ነበር።

ማታ ለበረራው ሻንጣዬን ስዘጋ የአክስቴ ልጅ ስምንት ዓመት የሆናት ልጅ ያነሣኋቸውን ፎቶዎች ስታገላብጥ ጎታ ላይ ቆመች። ስለ አባ ጎርጎርዮስ ነገርኳት።

«ጋሼ፣ ጀርመንኛ ይችሉ ነበር እንዴ?» አለችኝ።

«አይችሉም። በግዕዝ ነበር የሚነጋገሩት።»

«ጀርመኖች ግዕዝ ይችላሉ?»

«አንድ ሰው ይችል ነበር» አልኳት።